አዲሱን እንጫን ወይስ በአሮጌው እንቆይ?

ስለ ኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ለአማርኛ መምህራን የቀረበ ሒስ

መሣሪያን የሚመዝን ሰው በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «አዲስ ነውን?» ብሎ ሳይሆን «የያዝሁትን ሥራ ይሠራልኛልን?» ብሎ ነው። ገበሬ ሞፈሩን የሚለውጠው ጎረቤቱ ስለ ለወጠ አይደለም፤ እንጨቱ ሲነቅዝበት ወይም መሬቱ እምቢ ሲለው ነው። በኮምፒውተር ረገድ ግን ይህ የኖረ አስተውሎት ሲጓደል እናያለን። አንዱ ወገን አዲስ የወጣውን ሁሉ ካልጫነ ከዘመኑ ወደ ኋላ የቀረ ይመስለዋል። ሌላው ወገን ደግሞ ከዐሥርና ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት የለመደውን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ፣ «የሚሠራን ነገር ምን አስነካኝ» ይላል። ሁለቱም በየመምህራን ክፍሉ አሉ፤ ሁለቱንም ሲከራከሩ ሰምተናል። በዚህ ጽሑፍ የምንሞክረው ሁለቱን ክርክሮች በአማርኛ መምህር የዕለት ሥራ ሚዛን ላይ አስቀምጦ መመርመር ነው።

ጉዳዩን እንድናነሣ ምክንያት የሆነን ነገር አለ። ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2015 ላወጣው «ዊንዶውስ 10» ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ጥገና ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በየትምህርት ቤቱ ካሉት ኮምፒውተሮች ደግሞ ብዙዎቹ ተከታዩን «ዊንዶውስ 11»ን ለመቀበል አቅሙ የላቸውም። ስለዚህ ጥያቄው የትርፍ ጊዜ ወሬ መሆኑ ቀርቶ ውሳኔ የሚጠይቅ ሆኗል። ምሳሌያችንን በአብዛኛው የምንወስደው ከሱዳን ዋና ከተማ ከካርቱም፣ በተለይም አማርኛ ካስተማርንበት ከካርቱም ሁለት ሰፈር ነው። ይህንም የምናደርገው በዚያ ከተማ የገንዘብ እጥረት፣ የንግድ ማዕቀብና ጦርነት ሦስቱም በየተራ ስለ ተፈራረቁ፣ በሌላ ቦታ ተሸፍኖ የሚያልፈው ነገር በዚያ ገሃድ ስለ ወጣ ነው።

ሥርዓተ ክወና ምንድን ነው?

ሥርዓተ ክወና የምንለው ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉ በፊት የሚነሣውን መሪ ፕሮግራም ነው። ከትምህርት ቤት ዲሬክተር ጋር ብናነጻጽረው ብዙ አንሳሳትም። ዲሬክተሩ ራሱ ክፍል ገብቶ አያስተምርም፤ ነገር ግን ለየመምህሩ ክፍልና ሰዓት ይደለድላል፣ ጠመኔና ወረቀት ያድላል፣ በበሩ የሚገባውንና የሚወጣውን ይቆጣጠራል። እንደዚሁም መሪው ፕሮግራም ለጽሕፈቱና ለሒሳቡ ፕሮግራም ቦታ ይሰጣል፤ ከኪቦርዱ የተነካውን ፊደል ይቀበላል፤ ፋይሉን ያስቀምጣል፤ ወደ ፕሪንተሩ ያስተላልፋል፤ ከውጭ የሚመጣውንም ይፈትሻል። ዲሬክተር ሲለወጥ ከነባሮቹ መምህራን አንዳንዱ ተስማምቶ ይቀጥላል፤ አንዳንዱም ይለቃል። መሪ ፕሮግራም ሲለወጥ የሚሆነውም ይኸው ነው።

«ዊንዶውስ» ከነዚህ መሪ ፕሮግራሞች በእኛ አካባቢ በብዛት የተሠራጨው ነው። ኤክስፒ የተባለው በ2001፣ ቪስታ በ2007፣ ሰባት በ2009፣ ስምንት በ2012፣ ዐሥር በ2015፣ ዐሥራ አንድ በ2021 ወጥተዋል። ኩባንያው እያንዳንዱን ለተወሰነ ዘመን ከጠገነ በኋላ ይተወዋል፤ ኤክስፒን በኤፕሪል 2014፣ ሰባትን በጃንዋሪ 2020 ትቷቸዋል።

ፊደሉና መኪናው

አማርኛ ለሚያስተምር ሰው የመጀመሪያው የሒስ መለኪያ ፊደል ነው። መሪ ፕሮግራሙ የቱንም ያህል ቢፈጥን ፊደላችንን በወጉ ካልያዘ ለእኛ ጎዶሎ ነው።

ችግሩ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ ለላቲን ፊደል የተሠራውን የጽሕፈት መኪና ወደ አማርኛ ለመመለስ ሲደክሙ የገጠማቸው እንቅፋት የቁልፎቹ ማነስ ነበር። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ይህን ሁሉ በአንድ መኪና ላይ ማስፈር ስላልተቻለ የአማርኛው መኪና ፊደሉን በቁርጥራጭ፣ ግንዱን ለብቻ፣ እግሩንና ክንፉን ለብቻ እየመታ እንዲገጣጥም ሆነ። ፊደሉ ራሱ ለመኪናው እንዲስማማ ይቀነስ የሚል ክርክርም ተነሥቶ ብዙ ቀለም ፈስሶበታል።

ኮምፒውተር ሲመጣ ይኸው ችግር በሌላ መልክ ተመለሰ። የቀድሞው አሠራር ለአንድ የፊደል ቅርጽ ወይም ፎንት የሚሰጠው 256 ቦታ ነበር፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለመኪናው የውስጥ ትእዛዝ የተያዘ ነው። 231ዱን ፊደላት፣ 20ዎቹን የግዕዝ አኃዞች፣ እንደ ቋና ጓ ያሉትን ዲቃሎችና ሥርዓተ ነጥቦቹን ስንደምር ከቦታው በላይ ይሆናል። ስለዚህ አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝና ሌሎችም የተባሉት የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራሞች አንድ ዘዴ ዘየዱ። በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ የእኛን ፊደላት ሥዕል አስቀመጡ፤ የተረፈውንም ወደ ሌላ ፎንት አሻገሩ። ዓይን የሚያየው አማርኛ ሲሆን ኮምፒውተሩ በሆዱ የሚይዘው ግን የላቲን ፊደል ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን አደላደል ስለ ተከተለ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም።

የነዚያን ፕሮግራሞች አዘጋጆች ለማንኳሰስ ይህን አላነሣንም። ሌላው ዓለም ፊደላችንን ባላሰበበት ጊዜ መጽሐፍና ጋዜጣ፣ ፈተናና ደብዳቤ በአማርኛ እንዲታተም ያስቻሉት እነርሱ ናቸው። ሆኖም ዘዴው ጊዜያዊ ነበር። ዘላቂው መፍትሔ የተገኘው ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ መዝገብ በ1999 በ3.0 እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል ሲያስገባ ነው። ለፊደላችን 384 ቦታ ተከለለለት፤ «ሀ» በማንኛውም ኮምፒውተር ያው «ሀ» ሊሆን በቃ። በ2007 የወጣው ቪስታም ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንትና የአማርኛ መጻፊያ ዘዴ ከነሕይወቱ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ያሉት ዊንዶውሶች ሁሉ፣ ሌላ ፕሮግራም ባይጨመርባቸውም፣ አማርኛ ያነባሉ፤ ይጽፋሉም። እንግዲህ ከኤክስፒ ወደ ተከታዮቹ መሸጋገር ለአማርኛ መምህር የጌጥ ጉዳይ እንዳልነበረ በእርግጠኝነት መናገር እንችላለን።

በካርቱም ሁለት የታየው

ካርቱም ሁለት ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በስተምዕራብ የሚገኝ ሰፈር ነው። ከ2023ቱ ጦርነት በፊት ሐበሾች በብዛት ይኖሩበት የነበረው የዲም ሰፈርም ከዚያ ብዙ አይርቅም። በስደት ያለ ወላጅ ልጁ አረብኛውን ለምዶ አማርኛውን እንዳይረሳ ሲል በትርፍ ሰዓትም ቢሆን ያስተምራል፤ ማስተማር ካለ ደግሞ ፈተና፣ መልመጃና የውጤት መዝገብ አለ።

በዚያ አካባቢ ያስተማርን መምህራን ጽሑፋችንን የምናሠራው በአንድ የጽሕፈትና የማባዣ ቤት ነበር። ያ ቤት ኤክስፒን አስወጥቶ ሰባትን ባስገባ ሰሞን፣ የበርካታ ዓመታት ፈተናዎች ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆነው ወጡ። በሰፈሩ የተሰጠው ፍርድ «አዲሱ ዊንዶውስ አማርኛ አያውቅም» የሚል ነበር፤ ጥቂቶችም በዚህ ምክንያት ወደ ኤክስፒ ተመልሰዋል። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። አማርኛ የማያውቀው ኤክስፒ ሲሆን፣ ሰባት ከነፎንቱ የተሰናዳ ነበር። አማርኛ ያልነበሩት ፋይሎቹ ናቸው። የአማርኛ ልብስ ያለበሳቸው ፎንት በአሮጌው ኮምፒውተር ቀርቶ ስለ ነበር፣ አዲሱ በሆዳቸው ያለውን ላቲን እንዳለ አሳየ።

ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር የዚህ ሒስ ዋና ሐሳብ ነው። መሪውን ፕሮግራም መለወጥና ጽሑፋችንን መለወጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ሲሆኑ፣ መቅደም ያለበት ሁለተኛው ነው። ጽሑፉ በዩኒኮድ የተጻፈ ከሆነ በዐሥርም በዐሥራ አንድም በሌላም ዓይነት መሪ ፕሮግራም ይነበባል። በአሮጌው ዘዴ የተጻፈ ከሆነ ግን ከአንድ ፎንትና ከአንድ ኮምፒውተር ዕድሜ ጋር የተቆራኘ ነው።

ካርቱም ሌላም ነገር አስተምራናለች። የአሜሪካ መንግሥት በኖቬምበር 1997 በሱዳን ላይ የጣለው የንግድ ማዕቀብ እስከ ኦክቶበር 2017 ድረስ ለ20 ዓመታት ያህል ጸንቷል። በፌብሩዋሪ 2015 ለግል መገናኛ የሚያገለግሉ መሣሪያዎችና ፕሮግራሞች ወደ ሱዳን እንዲገቡ ፈቃድ ቢሰጥም፣ ከካርቱም ሆኖ በባንክ ካርድ ወደ ውጭ መክፈል አስቸጋሪ ስለ ነበር የብዙ ሰው ምርጫ የተቀዳ ዊንዶውስ ነበር። ጠጋኙም ቅጂው እንዳይታወቅበት ጥገና የሚያመጣውን ክፍል ዘግቶ ማስረከቡ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለው ኮምፒውተር ፊቱ አዲስ፣ ውስጡ ግን ከተጫነበት ቀን ጀምሮ የቆመ ነው። አዲስ ቤት ሠርቶ የበሩን ቁልፍ ለመንገደኛው ሁሉ እንደ ማደል ይቆጠራል። ይህ በካርቱም ብቻ የታየ አይደለም፤ በአዲስ አበባም በባሕር ዳርም ለሚያስተምር መምህር እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

«ምን አስነካኝ» ለሚለው ወገን

በአሮጌው እንቆይ የሚለው ወገን የሚያቀርበው ምክንያት ውሃ የማይቋጥር አይደለም። የለመዱት ይቀላል፤ ፕሪንተሩ ይታዘዛል፤ ወጪ የለም። ሆኖም የኮምፒውተር እርጅና እንደ ወንበር እርጅና አይደለም። ወንበር ቢያረጅ የሚወድቀው የተቀመጠበት ነው፤ ጥገና ያጣ ኮምፒውተር ግን ከእርሱ ጋር የሚገናኘውን ሁሉ ያስይዛል። በየትምህርት ቤቱ ፎልደሮችን ወደ ባዶ አቋራጭ የሚለውጠው የፍላሽ ቫይረስ ከማባዣ ቤት ወደ መምህራን ክፍል፣ ከመምህራን ክፍል ወደ ተማሪው ቤት ሲዛመት ያላየ መምህር ጥቂት ነው።

ከፍ ባለ ደረጃ የታየውን ለማስታወስ ያህል፣ በሜይ 12 ቀን 2017 «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ በ150 አገሮች ገደማ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ይዞ፣ ፋይላቸውን ቆልፎ ቤዛ ጠይቋል። በብሪታንያ ሐኪም ቤቶች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰዋል። ማይክሮሶፍት ለዚያ ቀዳዳ የሚሆነውን መድፈኛ ያወጣው ከሁለት ወር ገደማ በፊት በማርች ወር ነበር። ከሁሉ ይበልጥ የተጎዱትም ያን ጊዜ ጥገና ገና ያልተቋረጠበትን ሰባትን ይዘው መድፈኛውን ያልጫኑ ናቸው። እንግዲህ ጥፋቱ የአሮጌነት ብቻ ሳይሆን የጥገና መታጣት ነው። «ምን አስነካኝ» ለሚለው ወገን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፤ አሮጌውን መያዝህ አያስነቅፍህም፤ ጥገና የሌለውን ይዘህ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘትህ ግን ያስነቅፍሃል።

«ቶሎ እንጫን» ለሚለው ወገን

ወደ አዲሱ የሚጣደፈውም ወገን ያልመረመረው ነገር አለ። አንደኛ፣ አዲስ ሲመጣ የነበረው ሁሉ እንዳለ አይቀጥልም። ለምሳሌ ኒያላ በዊንዶውስ 10 ውስጥ ከመደበኛዎቹ ፎንቶች ወጥቶ፣ ፈላጊው ከማስተካከያው ክፍል ገብቶ የሚጨምረው አማራጭ ሆኗል። ይህን ያላወቀ ሰው በሰባት ያዘጋጀውን ፈተና በዐሥር ሲከፍት ኮምፒውተሩ ኤብሪማ በተባለው ሌላ ፎንት ተክቶ ያሳየዋል። ፊደሉ አልጠፋም፤ የፊደሉ ስፋት ግን ስለ ተለወጠ መሥመሩ ይገፋል፣ ሠንጠረዡ ይዛባል፣ «ሀ» እና «ለ» በአንዱ ገጽ ቀርተው «ሐ» እና «መ» ወደ ሚቀጥለው ይሻገራሉ። ፈተና ሊባዛ አንድ ሰዓት ሲቀር እንዲህ ያለው ነገር ቀላል አይደለም።

ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው አቅም ነው። ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲ ፒ ኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጥቅሉ ከ2017 ወዲህ የወጡትን፣ ስምንተኛው ትውልድ የሚባሉትንና ከዚያ በኋላ ያሉትን ነው የሚቀበለው። ኩባንያው ይህን ያደረገው ለደኅንነት ነው ይላል፤ ምክንያቱም ፍጹም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በ2015 ተገዝቶ ዛሬም ጽሕፈቱንና ሒሳቡን ያለ እንከን የሚሠራ ኮምፒውተር «አትገባም» ተብሎ ሲመለስ፣ ሸክሙ የሚወድቀው አዲስ ለመግዛት በማይችለው ትምህርት ቤት ላይ ነው። በዚህ ረገድ ውሳኔው ሀብታሙን ገዢ ብቻ ያሰበ መሆኑን ሳንናገር አናልፍም።

ሦስተኛ፣ ዐሥራ አንድን አቅም በሌለው ኮምፒውተር ላይ በብልጠት የሚጭኑ ጠጋኞች አሉ። ኩባንያው ግን ለእንዲህ ያለው ኮምፒውተር ጥገና ስለ መድረሱ ዋስትና እንደማይሰጥ አስታውቋል። ይህም በካርቱም ወዳየነው ፊቱ አዲስ፣ ውስጡ የቆመ ወደሚባለው ኮምፒውተር ይመልሰናል።

ሦስተኛው መንገድ

ክርክሩ በዐሥርና በዐሥራ አንድ መካከል ብቻ መወሰኑ ራሱ ጉድለት ነው። ሊኑክስ በተባለው መሠረት ላይ የተሠሩ፣ እንደ ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት ያሉ ነጻ መሪ ፕሮግራሞች አሉ። ለመውሰድ ክፍያ፣ ለመቅዳትም ስርቆት የለባቸውም። ሚንት በ2 ጊጋባይት ሜሞሪ እንኳ ይነሣል፤ 4 ቢሆንለት ደግሞ በደህና ይሠራል። አቢሲኒካ የተባለው ነጻ የአማርኛ ፎንት ይሠራባቸዋል፤ ኪማን የተባለው ነጻ የኪቦርድ ፕሮግራምም በዊንዶውስም በሊኑክስም አማርኛ ያጽፋል።

ይህም መንገድ ያለ እሾህ አይደለም። በማይክሮሶፍት ወርድ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ ሊብሬኦፊስ በተባለው ሲከፈት አንዳንዴ ይዛነፋል፤ ያልታወቀ ፕሪንተር ሊያስቸግር ይችላል፤ በአካባቢው የሚያውቀው ጠጋኝም በቀላሉ አይገኝም። በመምህራን መካከል አንድ ሰው እንኳ ጊዜ ሰጥቶ ካልተማረው ኮምፒውተሩ ተከድኖ ይቀመጣል። አንድ የሚማር ሰው ባለበት ግን ለዕቃ ቤት የታጨው ኮምፒውተር ለብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል።

ፍርዳችን

ከላይ የተመለከትነውን ስናጠቃልል የሚከተለውን እናቀርባለን።

1. በቅድሚያ ጽሑፋችንን እንመርምር። ፋይሉን ከፍቶ ጽሑፉን በሙሉ መርጦ ፎንቱን ወደ ኒያላ ወይም ወደ አቢሲኒካ መለወጥ ነው። አማርኛው አማርኛ እንደ ሆነ ከቀረ በዩኒኮድ የተጻፈ ነው። ወደ ላቲን ቅልቅል ከተለወጠ ግን የአሮጌው ዘዴ ስለ ሆነ፣ አሮጌው ኮምፒውተርና ፎንቱ በእጅ ሳሉ በመቀየሪያ ፕሮግራም ይለወጥ። ከቅየራ በኋላም አኃዞቹን፣ ዲቃሎቹንና ሥርዓተ ነጥቦቹን በዓይን እያነበቡ ማረም ግድ ነው፤ ዋናው ቅጂ አይጥፋ።

2. የውጤት መዝገብና የተማሪ ማስረጃ ፎንቱን አብሮ በሚይዘው በፒ ዲ ኤፍ መልክ ጭምር ይቀመጥ፤ ቅጂውም ከኮምፒውተሩ ውጭ በሌላ ሁለተኛ ቦታ ይኑር።

3. ኮምፒውተሩ ዐሥራ አንድን የሚቀበል ከሆነ ይሸጋገር፤ ሽግግሩ ግን በፈተና ሰሞን ሳይሆን በወሰነ ትምህርቱ ዕረፍት ይደረግ። አስቀድሞም ሥዕል ያለበት አንድ ፈተና፣ አንድ የውጤት ሠንጠረዥና ፕሪንተሩ ይሞከሩ።

4. የማይቀበል ከሆነ አይጣል። ኩባንያው ለዊንዶውስ 10 ግለሰብ ተጠቃሚዎች፣ ለተመዘገቡት፣ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ተጨማሪ የደኅንነት ጥገና ፈቅዷል፤ ይህ ግን ጊዜ መግዣ እንጂ መፍትሔ አይደለም። ዘላቂው ምርጫ ወይ ወደ ሊኑክስ መሸጋገር፣ ወይም ከኢንተርኔት አላቅቆ ለጽሕፈት ብቻ ማዋል ነው፤ በዚህ ጊዜም የሚገባበት ፍላሽ ሁሉ አስቀድሞ በሌላ ኮምፒውተር ይፈተሽ።

ምናልባት «ለአንድ ዊንዶውስ ይህን ያህል ማተት ምን ያስፈልጋል?» የሚለን አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ቤቱም መሥሪያ ቤቱም ተዘረፈ፤ ሕዝቡ ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወደ ግብፅና በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተበተነ። በዚያ ቀን የኮምፒውተሩ ፍጥነትና የዊንዶውሱ ቁጥር ለማንም አልጠቀመም። መተማ የደረሰ ተማሪ የሚጠየቀው ስንተኛ ክፍል እንደ ነበረና ምን ውጤት እንዳገኘ ነው። መዝገቡ በሌላ ቦታ ተቀምጦ በየትኛውም ኮምፒውተር የሚከፈት ከሆነ ልጁ ወደ ክፍሉ ይገባል። በካርቱም ሁለት በቀረ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለ፣ ወይም ፎንቱ የጠፋበት ከሆነ ግን ልጁ ያለፈውን ክፍል እንደገና እንዲማር ሊፈረድበት ይችላል።

ስለዚህ ባልደረቦቻችን ስለ ዐሥርና ስለ ዐሥራ አንድ ከመከራከራቸው በፊት የተማሪዎቻቸውን መዝገብ ከፍተው ከላይ ባመለከትነው መንገድ እንዲፈትኑ እናሳስባለን። ለዚህ ከግማሽ ቀን ያነሰ ጊዜ ይበቃል፤ የሚያስፈልገውም ያለው ኮምፒውተር ነው።